ደህና አደርኩ የምልበት አልጋ

ኮምቦልቻ ያለችውን ቤቴን የተከራየኋት ከነዕቃዋ ነው። ደላላው «ከነዕቃዋ» የሚለውን ቃል ሲናገር ድምፁን እንደ ሠርግ ዘፋኝ ያስረዝመው ስለነበር፣ ዕቃው ምን እንደሆነ ሳልጠይቅ በደስታ ራሴን ነቀነቅኩ። ስገባ ዕቃው አንድ አልጋ፣ አንድ ሶፋና አንድ ጠረጴዛ ሆኖ አገኘሁት። አልጋው እኩያዬ ነው። ሶፋው ታላቄ ሳይሆን አይቀርም። ጠረጴዛው ከሁላችንም ወጣት ቢሆንም አንድ እግሩ አጥሮ ያነክሳል። የመጀመሪያው ቀን መሀል ቤት ቆሜ ሳያቸው እነሱም ዞር ብለው ያዩኝ መሰለኝ። «ይሄ ደግሞ ከየት የመጣ አሮጌ ዕቃ ነው?» ሳይባባሉ አልቀሩም።

እኔም ዕቃ መርጬ አልነበረም የመጣሁት። ከደሴ ብርድ ሸሽቼ ነው። ሚስቴ ካረፈች በኋላ ፒያሳ አጠገብ፣ ፎቅ ላይ፣ ልጄ ቤት ነበር የምኖረው። የጦሳ ተራራ ጉም በመስኮት እየገባ ጉልበቴ ላይ ይቀመጣል። ልጄ ነርስ ናት፤ ጠዋት በሚኒባስ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ሄዳ ትሠራለች፣ ማታ ስትመለስ ሥራዋን እኔ ላይ ትቀጥላለች። ጨው ቀንስ፤ ካልሲ አድርግ፤ ደረጃውን ብቻህን አትውረድ። አንድ ቀን ደረጃውን ብቻዬን ወረድኩ። ወርጄም አልቆምኩ፤ ሚኒባስ ተሳፍሬ በሐረጎ ተራራ ጠመዝማዛ ቁልቁል ተንደርድሬ ኮምቦልቻ ገባሁ። በጉብዝናዬ ዘመን በፋብሪካ መካኒክነት የኖርኩባት ከተማ ናት። ሙቀቷ ጉልበቴን አልረሳውም። እዚያው ቀረሁ።

ልጄ ፈቀደችልኝ ማለት አይቻልም፤ ደከማት እንጂ። ያለፈው ፋሲካ ማግስት ግን ልትጠይቀኝ መጣችና አልጋዬ ላይ ቁጭ አለች። ቁጭ ስትል ጉልበቷ አገጯ ጋ ደረሰ።

«አባዬ፣ እዚህ ውስጥ ነው የምትተኛው?»

«ምን አለው? እንዲያውም ያቅፋል።»

«ዙርና ወገብህን አሳየኝ።»

«ወገቤ ጡረታ ወጥቷል፤ ምን ታደርጊበታለሽ?»

አልሳቀችም። እንደ ምንም ከጉድጓዱ ወጥታ ቀሚሷን አራገፈች። «ለመስቀል እመጣለሁ። እስከዚያ አከራይህ ይሄን አልጋ ካልቀየረችልህ፣ አንተን ከነካልሲህ ጠቅልዬ ደሴ ነው የምመልስህ። ወላሂ!»

የቄስ ልጅ ልጅ ሆና በወላሂ ስትምል ነገሩ የምር እንደሆነ አወቅኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሕይወቴ በጣም ቀላል ሆነች፤ ወይ አልጋው ከዚህ ቤት ይወጣል፣ ወይ እኔ።

«ታዲያ ራስህ አልጋ አትገዛም ነበር?» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። እንዴት ተደርጎ? የኔ ቤት ከግቢው ጓሮ ነው፤ የአከራዬ ቤት ከፊት። አዲስ አልጋ አሸክሜ በሷ በር ፊት ለፊት አሳልፌ ካስገባሁ፣ ያንቺስ አልጋ የሰው አይደለም ብዬ በጥሩምባ አስለፈፍኩ ማለት ነው። ክፉ ሴት ብትሆን ኖሮ ባደረግኩት። ችግሩ ደግ ናት። ባሏ የሞተባት፣ በዕድሜ ታናሼ የሆነች እስላም ሴት ናት። እኔ «እትዬ» እያልኩ አንቺ እላታለሁ፣ እሷ «ጋሼ» እያለች ታከብረኛለች። ለኢድም ለገናም ሳህን ተሸፍኖ ይመጣልኛል። እንዲህ ያለችውን ሰው ምን ብለህ ትጀምራታለህ?

ደግሞም በየጠዋቱ ትጠይቀኛለች። ቧንቧው ግቢው መሀል ነው፤ እኔ ፊቴን ልታጠብ ስወጣ እሷ ጀሪካኗን ስትሞላ እንገናኛለን።

«ጋሼ፣ እንዴት አደሩ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን! ደህና!»

«እንቅልፍዎስ?»

«ደህና!»

«ወገብዎስ?»

«ደህና! አንቺስ እትዬ?»

«አልሐምዱሊላህ።»

ይህን ሁሉ ደህና የምለው በአንድ እጄ ወገቤን፣ በሌላው ግድግዳውን ይዤ ነው። ግን ሌላ ምን ይባላል? እንዴት አደሩ ለተባለ ሰው «አልጋሽ ገደለኝ» ብሎ የሚመልስ በሀገራችን ገና አልተወለደም። እኔ ደግሞ በስተርጅና የመጀመሪያው ልሆን አልፈለግኩም።

ስለዚህ ዘዴ ጀመርኩ። መካኒክ ነኝና መጀመሪያ ራሴው ልጠግነው ተነሳሁ። የተሰበሩትን ርብራቦች በገመድ አስሬ፣ ከሥራቸው ብሎኬት ደረደርኩ። መሀሉ ቀና አለ፤ ነገር ግን ግራና ቀኙ ገደል ሆነ። በፊት ጉድጓድ ውስጥ ነበር የማድረው፣ አሁን የሐረጎ ጫፍ ላይ ወጣሁ። የሠራኋቸው የፋብሪካ ማሽኖች እስካሁን ካሉ ይቅር ይበሉኝ።

ቀጥሎ ፍራሹን አውጥቼ ፀሐይ ላይ ዘረጋሁት፤ መሀሉ የሰው ቅርፅ ይዞ እንደ መቃብር ስለጎደጎደ፣ ብታየው ይገባታል ብዬ ነው። አየችው። «ማሻአላህ ጋሼ፣ ንጽሕና ሲወዱ!» ብላ ሄደች። ደስ አለኝና በማግስቱም ዘረጋሁት። ምን ደስ እንዳለኝ እንጃ።

ሦስተኛው ዘዴዬ ረቀቅ ያለ ነበር። ስልኬን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ግቢው መሀል ቆምኩና ከሌለ ሰው ጋር ማውራት ጀመርኩ። «አዲስ አልጋ? አከራይህ ናት የገዛችልህ? ኧረ ተባረኪ በልልኝ! አዎ፣ አሮጌ አልጋ እኮ ወገብ ይጨርሳል!» እሷ በርበሬ እያሰጣች ቀና አለች። «ጋሼ፣ እርስዎ ጋ ኔትወርክ አለ እንዴ? ከጠዋት ጀምሮ ከተማው በሙሉ ተቋርጦበታል እኮ፤ እስቲ አንዴ ልደውልበት።» ስልኩን ኪሴ ከትቼ ሽንት ቤት ገባሁ። ብዙ ቆየሁ።

ቤት ገብታ እንድታየውም ሞክሬ ነበር። ግን ጨዋ ናት፤ ወንድ ብቻውን ከሚኖርበት ቤት በር አታልፍም። «ግቢ እንጂ እትዬ፣ ሶፋው ላይ ቁጭ በይ» እላታለሁ። «አይ፣ እዚሁ ይሻለኛል» ትልና ደፉ ላይ ቆማ ሳህኗን ሰጥታኝ ትመለሳለች። ሶፋውም ከመንጋጋው ያመለጠችውን ሴት እያየ በቁጭት ሲጥ ይላል።

ክረምቱ ሊወጣ ሆነ፤ መስቀል ተቃረበ፤ እኔ ደግሞ ያሉኝን ዘዴዎች ጨረስኩ።

አስፋልቱ ዳር ጠዋት ጠዋት ሻይ የምንጠጣበት ቤት አለ። እዚያ ሁለት ሰዎች አሉኝ። አንዱ ሐጂ ናቸው፤ ወፍጮ ቤት አላቸው። ዕድሜያቸውን በወፍጮ ጩኸት ውስጥ ስለኖሩ ሹክ ሲሉ እንኳን ሰፈሩ ይሰማል። ሁለተኛው አባ፣ የደብራችን ቄስ፣ ቀጭንና ለስላሳ ሰው ናቸው። ሁለቱ ሁልጊዜ አብረው ይሄዳሉ፤ ባልና ሚስት ሲጣላ፣ ወንድማማች በድንበር ሲኳረፍ የሚላኩት እነሱ ናቸው። ያልያዘላቸው እርቅ የለም ይባላል።

ጉዴን ነገርኳቸው።

«በአልጋ ምክንያት ልጅህ ልትወስድህ ነው?» አሉ ሐጂ።

«በአልጋ ምክንያት።»

«ታዲያ ለሴትዮዋ ለምን አትነግራትም?»

«እንዴት ብዬ?»

ሐጂ አሰቡ። አባም አሰቡ። ሻዩ ቀዘቀዘ። «እሱስ እውነትዎን ነው» አሉ አባ በመጨረሻ፤ «እንዴት ተብሎ ይነገራል?»

«አብሽር!» አሉ ሐጂ ጠረጴዛውን መታ አድርገው። «እኛ እንገባበታለን። ሽማግሌ ለምን ተፈጠረ?» ከዚያ ሚስጥሩ እንዳይወጣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ እሑድ እንደሚመጡ በሹክሹክታ ነገሩኝ።

በማግስቱ ቧንቧው ጋ፦

«ጋሼ፣ እንዴት አደሩ?»

«ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«እሑድ ሽማግሌ ሊልኩብኝ ነው አሉ።»

«ማን አለ?»

«ሐጂ ሹክ ሲሉዎት ሰማሁ። ገበያ ነበርኩ።» ጀሪካኗን አነሳች። «ምን በድዬዎት ነው ጋሼ?» ብላ ሳትሰማኝ ገባች።

ያን ጊዜ ነው ያደረግኩት ነገር የገባኝ። በኛ አገር ሽማግሌ የሚላከው ለትልቅ ነገር ነው፤ ለጸብ፣ ለደም፣ ለጋብቻ። ለአልጋ ርብራብ ሽማግሌ የላከ ሰው የለም። የጎረቤት ሴቶች እንዲያውም የሦስተኛው ዓይነት ጉዳይ መስሏቸው፣ ባለፍኩ ቁጥር ነጠላቸውን አፋቸው ላይ እያደረጉ ይሳሳቃሉ። እኔም ቅዳሜ ጢሜን ተላጨሁ። ለምን እንደተላጨሁ ዛሬም አላውቅም።

እሑድ አባ ከቅዳሴ መልስ፣ ሐጂ ከወፍጮ ቤታቸው ሰዓት ቀንሰው መጡ። አከራዬ ፊት ለፊት ያለውን ሳሎኗን ጠርጋ፣ ቅርንፉድ ያለበት ሻይ አፍልታ ጠበቀችን። አልሳቀችም፤ አላኮረፈችምም። እጆቿን አጣምራ በሩ አጠገብ ተቀመጠች። ሁለቱ ሽማግሌዎች በየሃይማኖታቸው መረቁ፣ እኛ አሜን አልን።

እንግዲህ ሐጂና አባ የሚያውቁት አንድ መንገድ ብቻ ነው። መጀመሪያ ጸቡን ያወጡታል፤ በዳዩን ከተበዳይ ይለያሉ፤ ይቅር ያባብላሉ፤ በምርቃት ይዘጉታል። ስንት ትዳር ያዳነ መንገድ ነው። ግን ሲጀመር ጸብ ይፈልጋል።

«በሉ፣ ጸባችሁን አሰሙን» አሉ አባ።

«እኔ ጸብ የለኝም» አልኩ።

«እኔም ወላሂ የለኝም» አለች።

ሐጂ ቅር አላቸው። «እንዴት አይኖራችሁም? ከዓመት በላይ አንድ ግቢ ኖራችሁ? ረጋ ብላችሁ አስቡ እስቲ።»

አሰብን። ምንም አልመጣልንም።

ሐጂ ወደሷ ዞሩ። «የውጭውን በር ክፍት እየተወ አያስቸግርሽም?»

«ኧረ ይዘጋሉ።»

«ያመሻል?»

«ከዶሮዎቼ ጋር ነው የሚገቡት።»

«እ… ያፏጫል ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«እሱስ እውነት ነው፤ ጠዋት ጠዋት ያፏጫሉ።»

«ይሄው!» ሐጂ ተቁነጠነጡ።

«ግን ደስ ይለኛል። ግቢው ሰው ያለበት ይመስላል።»

ሐጂ ተስፋ ቆርጠው ሻያቸውን ጠጡ። አባ ግን ታጋሽ ናቸው፤ ወደኔ ዘንበል አሉ። «እርስዎ ለምን እንደላኩን ይንገሯት እንጂ። የመጣንበትን ነገር።»

ዓይኔን ከሻይ ብርጭቆዬ ሳላነሳ ጀመርኩ። «ያው… አልጋው ትንሽ ወገቡን ሳያመው አይቀርም።»

«የማን ወገብ?» አለች።

«የአልጋው።»

«ተሰብሯል?»

«ተሰብሯል ማለት እንኳን… አዎ፣ ተሰብሯል። ሶፋውም። ልጄ አይታው ነበር፤ ለመስቀል ስትመጣ እንዲሁ ካገኘችው ደሴ ትወስደኛለች።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው የተሰበረው?»

«ከገባሁ ጀምሮ።»

ብርጭቆዋን ቀስ ብላ መሬት ላይ አስቀመጠች።

«ጋሼ፣ ጠዋት ጠዋት እኔ ምን እልዎታለሁ?»

«እንዴት አደሩ ትይኛለሽ።»

«እርስዎስ?»

«ደህና።»

«እንቅልፍዎስ ስልዎት?»

«ደህና።»

«ወገብዎስ ስልዎት?»

መላጨቴ ጸጸተኝ፤ የምደበቅበት ጢም እንኳን የለኝም።

ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረች። «አባ፣ ሐጂ፣ እናንተ ስሙልኝ። እኔ ለወጉ አይደለም የምጠይቃቸው። ባሌ እንዴት አደርክ ባልኩት ቁጥር ደህና እያለኝ ነው የሞተው። ደረቱን እያመመው፣ ደህና፤ እንጀራ እምቢ እያለው፣ ደህና። ሕመሙን ያወቅኩት ለለቅሶ የመጣው ሰው ሲያወራ ነው። ከዚያ ወዲህ በግቢዬ ያለ ሰው ምን እንደሆነ ልወቅ ብዬ ነው በየቀኑ የምጠይቀው። እሳቸው ግን ለሀገሩ ሁሉ ተናግረው ሽማግሌ ሲልኩብኝ፣ ለኔ አንድ ቀን አልነገሩኝም። እኔ ሰው አይደለሁም?»

የሐጂ ፊት ቀስ እያለ በራ። «አልሐምዱሊላህ» አሉ ወደ አባ ዞረው፣ እሳቸው ሹክሹክታ በሚሉት ድምፅ፤ «ተጣልተዋል!»

አባ በክርናቸው ጎሸም አደረጓቸው። «በዓይናችን እንየው» ብለው ተነሱ።

አራታችን ወደ ጓሮ ሄድን። ሽማግሌዎቹ ስላሉ አከራዬ ለመጀመሪያ ጊዜ የበሬን ደፍ ተሻገረች። አባ ብልህ ሰው ናቸው፤ መቋሚያቸውን ተደግፈው እንደቆሙ ቀሩ። ሐጂ ግን ለማጣራት ሶፋው ላይ ቁጭ አሉ። ቁጭ አሉ የሚለው ቃል አይበቃም። ወረዱ። ከወለሉ በላይ የቀረው ጭንቅላታቸው፣ ቆባቸውና የጉልበቶቻቸው ጫፍ ነበር። «ያረቢ!» የሚል ድምፅ ከስፖንጁ ውስጥ ወጣ።

እሷ ወደ አልጋው ሄዳ ፍራሹን በመዳፏ ጫን አለችው። ጎንበስ ብላ ከሥር አየች። ሳቅ ይሁን ልቅሶ ያልለየለት ድምፅ አወጣች።

«ጋሼ፣ ይሄ ብሎኬት የኔ ነው?»

«ከዶሮ ቤትሽ አጠገብ ወድቆ ነበር።»

«ክረምቱን ሙሉ ስፈልገው የከረምኩት!»

«ሁለተኛ ጸብ» አሉ ሐጂ ከሶፋው ውስጥ።

አባ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ በደሉ ከሁለቱም ወገን ነው። አንቺ ልጄ፣ ቤቱን ከነዕቃው ብለሽ አከራይተሻልና፣ ዕቃውን ለመስቀል ትቀይሪያለሽ።»

«እቀይራለሁ። ዛሬ ቢነግሩኝ ዛሬ፣ አምና ቢነግሩኝ አምና ነበር።»

«እርስዎ ደግሞ» አሉ መቋሚያቸውን ወደኔ አዙረው፣ «ካሁን በኋላ እንዴት አደሩ ስትልዎት፣ የአዳርዎን እውነት ይናገራሉ።»

«በየቀኑ?»

«በየቀኑ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን አይባልም እንዴ፣ አባ?»

«ይባላል እንጂ። መጀመሪያ ይመስገን፤ ከዚያ እውነቱ።»

«እኔም በፍርዱ ተስማምቻለሁ» አሉ ሐጂ። «አሁን አውጡኝ።»

አንድ እጃቸውን እኔ፣ አንዱን አባ ይዘን ስንስብ፣ እሳቸው ሳይወጡ እኔ ልገባ ምንም አልቀረኝም ነበር። ከወጡ በኋላ ወደሷ ዞሬ «እትዬ፣ አፉ በይኝ» አልኳት፤ በነሱ ወግ ይቅርታ መጠየቂያው እንዲህ ነው። «አፉ ብያለሁ ጋሼ፤ እርስዎም አፉ ይበሉኝ» አለች። አባና ሐጂ መረቁን። ሲወጡ በጣም ደስ ብሏቸው ነበር።

የመስቀል ሰሞን አዲሱ አልጋ በጋሪ መጣ። አናጢው ጥሩ እንጨት መርጧል፤ ርብራቡ ወፍራም፣ ፍራሹ ድርቅ ያለ። በሶፋው ፋንታ ትራስ ያላቸው ሁለት ወንበሮች አብረው መጡ። አሮጌውን ሶፋ ስናፈርሰው ከሆዱ ከእኔ በፊት ቤቱን ተከራይተው የነበሩ የፋብሪካ ሠራተኞች ማበጠሪያ፣ የሥራ ልብስ ቁልፍ፣ ዓመት ሙሉ ተሰረቀ ብዬ ሰው የጠረጠርኩበት መነጽሬና የሐጂ መቁጠሪያ፣ ሙስበሃቸው፣ ወጣ። ርብራቦቹ የዶሮ ቤት ሆኑ። ብሎኬቱም ወደ ባለቤቱ ተመለሰ። የጠረጴዛው እግር ብቻ ቀረ፤ እሱን ተውነው፣ ከኔ ጋር ያነክስ።

ልጄ በደመራው ዋዜማ ደረሰች። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ አልጋው ጋ ሄዳ ጫማዋን አውልቃ ተጋደመች፤ ተገላበጠች፤ ተነስታ ከሥር አየች። እኔ በሩ ላይ ቆሜ እንደ ተፈታኝ ተማሪ እጠብቃለሁ።

«ጥሩ ነው» አለች።

በልቤ እልል አልኩ። ኮምቦልቻ የኔ ሆነች። ሌሊቱን ልጄ አከራዬ ዘንድ አደረች፤ እኔም አዲሱ አልጋዬ ላይ እንደ ባላባት ወጣሁ።

ጠዋት ቧንቧው ጋ ስወጣ ሁለቱም እዚያው ነበሩ። ልጄ ፎጣ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ጥርሷን ትቦርሻለች። አከራዬ ጀሪካኗን አስቀምጣ ቀና አለች።

«ጋሼ፣ እንዴት አደሩ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

ጠበቀች። እኔ በዓይኔ ልጄን እያመለከትኩ ለመንኳት፤ ዛሬን ብቻ፣ እትዬ፣ ዛሬን ብቻ ማሪኝ። አልማረችኝም። እጆቿን አጣምራ እንደዚያች እሑድ ቆመች። የአባ መቋሚያ ከኋላዋ የታየኝ መሰለኝ።

«አልተኛሁም» አልኩ።

የልጄ ቡርሽ አፏ ውስጥ ቆመ።

«አልጋው ሜዳ ሆነብኝ። ጉድጓዱን ለምጄው ኖሮ፣ አሁን የምደገፈው ነገር አጣሁ፤ ስገላበጥ መሬት ልወርድ ነበር። ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ነው ያሸለበኝ። እና ደግሞ…» እውነት አንዴ ከጀመረች አትቆምም ለካ። «ግራ እግሬ ሰሞኑን ይደነዝዘኛል። ለማንም አልተናገርኩም።»

ልጄ አፏን ተጉመጥምጣ ተፋች። «ይደነዝዝሃል? ትናንት በስልክ ስጠይቅህ ምን አልከኝ?»

«ደህና!» አለች አከራዬ በኔ ፋንታ።

ልጄ የቧንቧው ድንጋይ ላይ አስቀምጣኝ ካልሲዬን አወለቀች፤ እግሬን ጫን ጫን አደረገች፤ ጣቶቼን አንቀሳቅስ አለችኝ። እኔ ግቢውን አየሁ። ዶሮዎቹን፣ በርበሬው የተሰጣበትን ሸራ፣ የጠዋቷን ፀሐይ። አለቀ አልኩ። እግሬን ስትለቀኝ ቤቴ ገብቼ ካልሲዎቼን ከገመዱ ላይ አውርጄ መጠቅለል ጀመርኩ።

ተከትላኝ ገብታ በሩ ላይ ቆመች። «ምን እያደረግክ ነው?»

«አንቺ ያልሽውን። ከነካልሲዬ።»

አዲሱ አልጋ ላይ ቁጭ አለች። ጉልበቷ በቦታው ቀረ። «አባዬ፣ ደሴ እኔ ቤት ስትኖር አንድ ቀን እንኳን እዚህ ያመኛል ብለኸኝ ታውቃለህ? ደህና፣ ደህና፣ ደህና። ነርስ ሆኜ አባቴ ምኑን እንደሚያመው የማውቀው በአረማመዱ ነበር። እዚህ ብቻህን ስትሆን ደግሞ አረማመድህንም የማየው በስንት ጊዜ አንዴ ነው። እንቅልፍ የነሳኝ አልጋው መሰለህ?» እጇን ወደ ግቢው ዘረጋች። «አሁን ግን እሷ ስትጠይቅህ እውነቱን ተናገርክ።»

«ተፈርዶብኝ ነው እኮ።»

«ማታ ሁሉን ነገር አጫውታኛለች። እንኳን ተፈረደብህ።» ካልሲዎቹን ከእጄ ወስዳ መልሳ ገመዱ ላይ ሰቀለቻቸው።

እግሬን የደሴ ሐኪም አየው፤ የሚዋጥ ሰጠኝ፣ በየጊዜው ና አለኝ፣ ተመለስኩ። ልጄና አከራዬ ስልክ ተለዋውጠዋል። እኔ ጠዋት ቧንቧው ጋ የምናገረውን እውነት ልጄ ቁርሷን ሳትጨርስ ትሰማዋለች። ሚስጥር የሚባል ነገር አልቀረኝም፤ ሆዴን ከነፋኝ ቦሩ ሜዳ ይታወቃል።

አከራዬ ደግሞ አልጋው ሜዳ ሆነብኝ ማለቴን አልረሳችም። ከአሮጌው ሶፋ የወጣውን ስፖንጅ አጥባ፣ አድርቃ፣ ሁለት ረጃጅም ትራሶች ሰፍታበት አመጣችልኝ፤ አንዱን በግራ፣ አንዱን በቀኝ አድርጌ መሀላቸው እተኛለሁ። እንደ ድሮው ጉድጓድ ያቅፈኛል፤ ወገቤን ግን አይነካኝም። አሁን እንደ ሕፃን ነው የምተኛው።

አንድ ነገር ብቻ ቀረ። ዛሬ ጠዋት እንደ ልማዷ ጀሪካኗን አስቀምጣ፦

«ጋሼ፣ እንዴት አደሩ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፤ ደህና።»

ጠበቀች።

«ደህና ነው ያልኩሽ እትዬ።»

«እውነቱን።»

«እውነቴን ነው! ደህና ነው ያደርኩት!»

«ይምላሉ?»

ፊቴን ሳልታጠብ ወደ ሻይ ቤቱ አቀናሁ። ሐጂና አባ የተለመደው ቦታቸው ላይ ነበሩ። ደህና ማደሬን የሚያስረዱልኝ ሽማግሌዎች ስፈልግ፣ ከነሱ የተሻለ የት አገኛለሁ?